ስለ ትምባሆና ስለ ሺሻ ጢስ፤ ይልቁንም ጢሱን ሳይወዱ ስለሚተነፍሱት የመርካቶ ሠራተኞች



ትምባሆ ጤናን የሚጎዳ መሆኑን ከመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በሳይንስ ክፍል ተምረነዋል፤ በሲጃራው ፓኮ ላይም የማስጠንቀቂያ ሥዕል ታትሞ እናየዋለን። ስለዚህ «ሲጃራ መጥፎ ነው» እያሉ ገጽ መሙላት የአንባቢን ጊዜ ማባከን ይሆናል። እኔ ለማስረዳት የተነሣሁት ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ሲጃራም ሆነ ሺሻ ወደ አፉ አቅርቦ የማያውቅ፣ ነገር ግን የዕለት እንጀራውን ለማግኘት ሲል ቀኑን ሙሉ በሰው ጢስ ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ጉዳይ ነው። አገራችን ይህን ሠራተኛ የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። ሆኖም ሕጉ ተወልጄ ባደግሁበት በመርካቶ ሥራ ላይ ሲውል የሚታየው አጫሹን ለማሳደድ ነው፤ ሠራተኛውን ለመጠበቅ ሲውል ግን እምብዛም አላየሁም። አሳቤ ይህ ነውና ምክንያቱን እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። መርካቶ ማለት በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። የከተማው ትልቅ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው እዚህ አቋቋሙት፤ እነርሱ ሄዱ፣ ስሙ ግን ቀረ። ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ወደ ሸማ ተራ፣ ወደ ቦምብ ተራ፣ ወደ ምን አለሽ ተራ፣ ወዲያም እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሄደ ሰው የሚያየው ሱቅ በሱቅ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነው። ከነጋዴውና ከገዢው ሌላ በየመንገዱ የሚሠራው ሰው ቁጥር ሥፍር የለውም፤ ተሸካሚው፣ ጋሪ ገፊው፣ ሻይ አፍይው፣ አሳላፊው፣ ሊስትሮው፣ ዕቃውን በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞረው ሱቅ በደረቴ፣ የሱቅ ጠባቂው ልጅ። ለእኛ ሻይ ቤት የምናርፍበት ቦታ ነው፤ ለእነዚህ ግን የሥራ ቦታቸው ነው። እኛ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተን በሩብ ሰዓት እንወጣለን፤ አሳላፊው ግን ከጧት እስከ ማታ ያው ቤት ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

የአገራችን መንግሥታት በትምባሆ ላይ የያዙት አቋም እንደየዘመኑ ተለዋውጧል። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ትምባሆ ማጨስና ሱረት መሳብ ተከልክሎ እንደነበርና የተያዘውም ሰው እጅግ ከባድ ቅጣት ይደርስበት እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ መንግሥት ራሱ የሲጃራ ነጋዴ ሆነ። ኒያላን የመሰሉ ሲጃራዎች ከዚሁ ድርጅት የወጡ ናቸው። ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት የተባለው ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አርባ በመቶው፣ በሚከተለው ዓመት ደግሞ ሠላሳ አንድ በመቶ ያህሉ ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ተሸጠ። ለሁለቱ ሽያጮች በጠቅላላው ከ940 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተከፍሏል። እንግዲህ አንድ የውጭ ኩባንያ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ያን ጊዜ ለነበሩት አጫሾች ብቻ ብሎ ነው? ወደፊት አጫሽ የሚሆነውን ወጣት አስቦ ይመስለኛል፤ ያ ወጣት ደግሞ እኛው ነን።

ወደ ሕጉ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኔቫ ጸድቆ ነበር። አገራችን በ1996 ዓ.ም. ፈረመችው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጸደቀው። ከዚያም በጥር 2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጣ። ይህ አዋጅ በአፍሪካ ካሉት ጠንካራ የትምባሆ ሕጎች አንዱ ነው። በቤት ውስጥ ያለ ማናቸውም የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ ፈጽሞ ጢስ የማይገባበት እንዲሆን አዟል፤ የትምባሆ ማስታወቂያ ከልክሏል፤ የፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥዕል እንዲሸፈን አዟል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ፣ የፍራፍሬና የመሳሰለው ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጃራም ከነጭራሹ እንዳይሸጡ አግዷል። ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም ማጨስ ክልክል ነው።

ይህን ስለ 10 ሜትር የሚናገረውን ክፍል ባነበብሁ ጊዜ ሳቄ መጣ። የጻፉት ሰዎች ሰፋፊ ግቢ ያላቸውን መሥሪያ ቤቶች አስበው መሆን አለበት። ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር 10 ሜትር ገመድ ይዘን ሰፈራችን ካለው ከአንድ ሻይ ቤት በር ጀምረን በጠባቡ መንገድ ዘረጋን፤ ገመዱ ሳያልቅ በአንድ ወገን ብቻ ስድስት የሱቅ በሮች አለፈ። ከስድስተኛው በር ብንጀምር ደግሞ ሌላ ስድስት። እንግዲህ ሕጉ እንደ ቃሉ ቢፈጸም በዚያ መንገድ ላይ ሲጃራ የሚለኮስበት አንድ ስንዝር መሬት የለም ማለት ነው። ባለሱቆቹ ምን እየለካን እንደሆነ ጠይቀውን ነበር፤ ብንነግራቸው ከሦስቱ ሁለቱ እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን ሰምተው አያውቁም።

አሁን ደግሞ አሳቤን በቁጥር ላስደግፍ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ኢትዮጵያውያን ውስጥ የሚያጨሱት ከ100 ሰው 4 እንኳ አይሞሉም። ይህ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ነገር ግን በዚያው ጥናት በቤት ውስጥ ሥራ ከሚሠሩት አዋቂዎች መካከል ከ100 ሰው 29 ያህሉ በሥራ ቦታቸው የሰው ጢስ እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል። መጠጥ ቤትና የምሽት ክበብ ከሄዱት ደግሞ ከ100 ሰው 60 ያህሉ ጢስ አግኝቷቸዋል። አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አኑራቸው! አራት የማይሞሉ ሰዎች ያጨሳሉ፤ ሃያ ዘጠኝ ሰዎች በሥራቸው ላይ ይታፈናሉ። ጥናቱ የተደረገው አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ አዋጁ ያስፈለገበትንም ምክንያት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ያለ አይመስለኝም።

ከሲጃራ ይልቅ በሰፈራችን የከፋው ሺሻ ነው። ሺሻ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በገጠሩ ክፍል በቅልና በሸንበቆ ተሠርቶ ጢሱ በውሃ እያለፈ የሚጨሰው ጋያ የቆየ ነው። በከተማ ያለው ሺሻ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከታች ውሃ የተሞላ ጠርሙስ አለ፤ ከላይ በሸክላ ጽዋ ውስጥ በሞላሰስ ወይም በማር የታሸና የፍራፍሬ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ይደረጋል፤ በላዩ የተበሳ ፎይል ይለብሳል፤ በፎይሉ ላይ የጋለ ከሰል ይቀመጣል። አጫሹ በቱቦው በሳበ ጊዜ የከሰሉ ሙቀት ትምባሆውን ያጨሰዋል፤ ጢሱም በውሃው ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ወደ አፉ ይመጣል። ብዙ ሰው «ውሃው መርዙን ያጥበዋል» ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ ጢስ ደግሞ ጉሮሮን ስለማይከረክር ሰው አብዝቶና አጥልቆ እንዲስበው ያደርጋል። ኒኮቲኑም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም፣ ካንሰር አምጪ የሆኑት ቅመሞችም አብረው ያልፋሉ።

መጠኑን ለማወቅ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሺሻ ባወጣው ማብራሪያ እንደተገለጸው አንድ ሲጃራ የሚያጨስ ሰው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይስባል፤ በያንዳንዱም ከ40 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ጢስ ያስገባል። ሺሻ የሚያጨስ ግን ከ20 እስከ 80 ደቂቃ ተቀምጦ ከ50 እስከ 200 ጊዜ ይስባል፤ በያንዳንዱም ከ0.15 እስከ 1 ሊትር ያስገባል። ለሲጃራው 10 ጊዜ በ50 ሚሊ ሊትር ብናባዛ ግማሽ ሊትር ይሆናል። ለሺሻው 100 ጊዜ በግማሽ ሊትር ብናባዛ 50 ሊትር ይሆናል። 50 ሊትር ለግማሽ ሊትር ሲካፈል 100 ነው። እርግጥ የጢስ ብዛትና የመርዝ ብዛት አንድ አይደሉም፤ በሺሻ ጢስ ውስጥ አንዳንዱ መርዝ ከሲጃራው ይበዛል፣ አንዳንዱም ያንሳል። «አንድ ሺሻ መቶ ሲጃራ ነው» ብሎ መደምደም ስለዚህ ትክክል አይሆንም። ሆኖም 50 ሊትር ጢስ የወጣበትን ቤት ማሰብ ይቻላል፤ በዚያ ቤት ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ሺሻ በአንድ ጊዜ ይጨሳል።

ከትምባሆው ሌላ ደግሞ ከሰሉ አለ። በአዲስ አበባ ከሰል ያፈነው ሰው ዜና ያልሰማ ቤተ ሰብ የለም። እናቶቻችን ማታ ምድጃውን ከቤት ሳያወጡ በር ዘግተው አይተኙም። ምክንያቱም ከሰል በዝግ ቤት ሲነድ ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህም አየር ከደም ጋር ለመያያዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ኃይል አለው፤ ደሙን ከያዘው በኋላ ኦክስጅኑ ቦታ ያጣል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፤ ሲበዛም ይገድላል። ሺሻ ቤት ማለት እንግዲህ ከሰሉ ሳይወጣ በሩ የተዘጋበት ቤት ነው፤ ሕገወጥ ስለሆነም መስኮቱ በመጋረጃ ይጋረዳል፣ ሽታው ወደ መንገድ እንዳይወጣም ቀዳዳው ይደፈናል። ማንም እናት በገዛ ቤቷ የማታደርገው ነገር በዚያ ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይደረጋል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ያወቅሁት አይደለም። የአክስቴ ልጅ፣ እኔ እትዬ እያልሁ የምጠራት፣ ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ለሰባት ወር ሠርታለች። የተቀጠረችው ቡና ለማፍላት ነበር። ቆይቶ ግን ባለቤቱ ከሰል ማቀጣጠልና ሺሻ ማቅረብ ጨመረባት። ሺሻ ለደንበኛ ከመቅረቡ በፊት ከሰሉ መያዙን ለማረጋገጥ አቅራቢው ራሱ ጥቂት ጊዜ መሳብ አለበት። እርሷ በሕይወቷ ሲጃራ ያልነካች ልጅ በቀን እስከ አሥራ አምስት ሺሻ ታስነሣ ነበር። በየማታው ራሷን እየያዘች ትገባለች፤ ምግብ አይረጋላትም። አክስቴ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው ሰጧት፤ አልተሻላትም። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደች። ያየቻት ሲስተር መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት «የት ነው የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬ አልመለሰችም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የሥራ ቦታዋን መናገር ራሷን መክሰስ መስሎ ስለታያት ነው።

የጽሑፌ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፖሊስ በየጊዜው ሺሻ ቤቶችን እየከበበ ዕቃዎቹን ሰብስቦ ሲያቃጥል በዜና እናያለን። ሕግ ማስከበር ተገቢ ነው፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን በአፈሳው ጊዜ ከደንበኞቹ ጋር አቅራቢዋም፣ ቡና አፍይዋም፣ ዕቃ አጣቢውም አብረው ይወሰዳሉ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት በቤቱ አይገኝም። ጠርሙሱ ቢቃጠል ሌላ ጠርሙስ ይገዛል፤ በሳምንቱ ቤቱ ሌላ መንገድ ላይ ይከፈታል። አፈሳውን ያየች ሠራተኛ ታዲያ ስለ ጤናዋ ለማን ትናገራለች? ለባለቤቱ ብትናገር ለእትዬ እንደተነገራት «ካልተስማማሽ በሩ ያውልሽ» ትባላለች። ለመንግሥት ብትናገር ከአጥፊዎቹ እንዳትቆጠር ትፈራለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ለእርሷ ግን ያ አዋጅ በሌላ አገር የወጣ ያህል ሩቅ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ በጢስ ውስጥ የምትሠራው ሠራተኛ በሕግ ፊት ምስክር ትሁን፣ ተከሳሽ አትሁን ነው። ቅጣቱ በቤቱ ባለቤትና ቤቱን እያወቀ ባከራየው ላይ ይውደቅ። ለጤና ጣቢያ ሲስተር የሥራ ቦታዋን የተናገረች ሠራተኛ ቃሏ ለፖሊስ እንዳይተላለፍ ማረጋገጫ ይሰጣት። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ ማውጣት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ያሉት ሁለት አዋጆች ጎን ለጎን ቢነበቡ ይበቃሉ።

ሌሎች አገሮችም ነገሩን ከሠራተኛው ወገን ተመልክተውታል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 መጠጥ ቤቶቿን ጨምሮ የሥራ ቦታዎችን ሁሉ ከጢስ ነጻ በማድረግ ከዓለም አገሮች የመጀመሪያይቱ ነበረች፤ ሕጉም የቀረበው የሠራተኞችን ጤና ለመጠበቅ ተብሎ ነው። መጠጥ መቅዳት ሙያ ነው፤ ሙያተኛም ለደመወዙ ሲል ሳንባውን እንዲሸጥ ማስገደድ አይገባም ተባለ። ከጎረቤቶቻችን አካባቢም ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሩዋንዳ በ2017 ሺሻን አግደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በትምባሆ ምክንያት በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሞታል፤ ከዚህም ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ያላጨሱ፣ የሌላውን ጢስ የተነፈሱ ናቸው።

ይህን አሳቤን ለአባቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ ተቃወሙኝ። አባቴ ነጋዴ ናቸው። «ልጄ፣ ደንበኛን ሲጃራህን አጥፋ ብትለው ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ኪራይ የሚከፍለው ግን ሕጉ አይደለም» አሉኝ። ንግግራቸው እውነት አለው። አንድ ቤት ብቻውን ሕግ ቢያከብር ይጎዳል፤ ሁሉም ቢያከብሩ ግን ደንበኛው የሚሄድበት ሌላ ጎረቤት የለም። በመንገዳችን ጫፍ ላይ ሐጂ የምንላቸው የሻይ ቤት ባለቤት አሉ። እርሳቸው ከሦስት ዓመት በፊት መተርኮሻውን ሁሉ ከጠረጴዛ አንሥተው «እዚህ ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ለጠፉ። ለጥቂት ወራት ቤቱ ቀዝቅዞ እንደነበር አልደበቁኝም። በኋላ ግን ልጆቻቸውን ይዘው ለገበያ የሚመጡ እናቶች የሚያርፉበት ቤት ሆነ፤ አሁን ቅዳሜ ቀን ወንበር አይገኝም። ሐጂ እንደነገሩኝ ከሁሉ በላይ የረዳቸው አሳላፊዎቹ መቆየታቸው ነው። ቀድሞ በየጥቂት ወሩ ይለቁባቸው ነበር።

ስለ ሲጃራ ሽያጭም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በሰፈራችን ሲጃራ በፓኮ ሲሸጥ የሚታየው ጥቂት ነው። ሱቅ በደረቴው ከማስቲካና ከሶፍት ጎን አንድ አንድ እያደረገ ይሸጠዋል። በፓኮው ላይ ያለው 70 በመቶ ማስጠንቀቂያ ለነጠላ ገዢው አይታየውም፤ ሥዕሉን የሚያየው ሻጩ ብቻ ነው። እንዲያውም ነጠላ ሲጃራ ለመግዛት የምሳ ገንዘብ ይበቃል፤ ስለዚህ ከተማሪ ኪስ ጋር የሚስማማው ይኸኛው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሲጃራ ላይ ከዋጋው 30 በመቶ፣ በተጨማሪም በ20 ፍሬ ፓኮ 8 ብር ጥሎ ነበር። ታክስ ሲጃራን ከልጆች እጅ ለማራቅ ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ መሆኑን የጤና ባለሙያዎች ይናገራሉ። ነገር ግን በብር ተቆርጦ የተወሰነ ታክስ ሌላው ዕቃ ሁሉ በተወደደ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳልና በየዓመቱ ከኑሮው ውድነት ጋር እየታየ ከፍ ማለት ይገባዋል። ሱቅ በደረቴው ላይ ግን እጅ እንዳይበዛበት እለምናለሁ፤ አብዛኛው የእኛ እኩያ ነው፤ ደብተር ይዞ ከእኛ ጋር ሊቀመጥ የሚችል ልጅ ነበረ። ሲጃራውን በብዛት የሚያከፋፍለው ነጋዴ ሱቁ የታወቀ ነው፤ ቁጥጥሩ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ቁጥጥሩን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን ለከተማችን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ አሳስባለሁ። የመጀመሪያው የንግድ ፈቃድ እድሳት ነው። ማንኛውም ሻይ ቤት፣ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት ፈቃዱን በየዓመቱ ያድሳል። ባለቤቱ ቤቱ ከጢስ ነጻ መሆኑን፣ መተርኮሻ አለመኖሩንና ማስታወቂያው መለጠፉን ሳያሳይ ፈቃዱ ባይታደስ፣ ያለ አፈሳና ያለ ግርግር ሕጉ በሺህ በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ በአንድ ዓመት ይገባል። አባቴም በዚህ ተስማምተዋል፤ ምክንያቱም ጎረቤቱም እኩል ይገደዳል።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ተቆጣጣሪዎች ወደ ሰፈራችን ሲመጡ የማየው በጧት፣ በሥራ ሰዓት መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ቤቶቹ ተጠርገዋል፣ ወለሉ ታጥቧል፣ ዕጣን ጨሷል። ጫት ቃሚው የሚሰበሰበው ግን ከምሳ በኋላ ነው፤ ሺሻውም የሚነሣው በርጫው ከሞቀ ወዲያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው። ተቆጣጣሪው በዘጠኝ ሰዓት ይምጣ። ከሰል የያዘችውንም ልጅ ለብቻዋ ጠርቶ፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ ራሷን ያማት እንደሆነ ይጠይቃት።